ከዶሃው የጥሪ ክፍል፦ ለትናንሽ አገሮች ዋናተኞችና ለአሰልጣኞቻቸው

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶሃ በሚገኘው አስፓየር ዶም የሴቶች መልበሻ ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ፣ የአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ዋናተኛ እግር ላይ ፌስታል አጥልቄ፣ የመወዳደሪያ ልብሷን በሁለት እጄ ቀስ እያልሁ ወደ ላይ እስብ ነበር። የሴቶች 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ሊጀመር አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ልብስ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ከዳሌዋ በታች ስፌቱን ተከትሎ ተተርትሮ ነበር፤ አሰልጣኟ ወንድ ስለሆነ ከበሩ ውጭ ከመቆም በቀር የሚያደርገው አልነበረውም፤ እሷም ብቻዋን ስትጣደፍ በጥፍሯ ጎትታው ነው የተቀደደው። አሁን የማለብሳት የሌላ ደሴት አገር አሰልጣኝ ለራሷ ልጆች በመጠባበቂያነት ከያዘችው ሻንጣ አውጥታ የሰጠቻት፣ የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነሣለት አዲስ ልብስ ነበር። ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። እኔም ጨርቁ ከጉልበቷ በላይ እስኪያልፍ ድረስ ከዝምታ በቀር የማጽናኛ ቃል አላገኘሁም።

የዚያ ቡድን አባል አልነበርሁም። የተወለድሁት ባሕር ዳር ነው፤ ዶሃ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ለሴቶችና ለሕፃናት ዋና በማስተማር እተዳደራለሁ። የዓለም ውሃ ስፖርቶች ሻምፒዮና በዚህ ከተማ ሲካሄድ በበጎ ፈቃደኝነት ተመዝግቤ፣ ዋናተኞችን ከማሟሟቂያው ገንዳ ወደ ጥሪ ክፍል፣ ማለትም ከውድድሩ በፊት ተሰብስበው ተራቸውን ወደሚጠብቁበት ክፍል፣ በማድረሱ ሥራ ላይ ተመደብሁ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጣና ዳር ልጆችን ያለማምዳል። በየማታው እየደወለ «እታለም፣ እኛ ያላወቅነው ምንድን ነው? ምኑን ላስተምራቸው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሱ የነገርሁት ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ነው። የልጆቹንና የአገሮቻቸውን ስም የማልጠራው ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መብቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እነዚህ ልጆች ውድድሩ ላይ በስሕተት ወይም በሰው በሰው የተገኙ ይመስለዋል። በዓለም ሻምፒዮና ላይ ለእያንዳንዱ ውድድር የተቀመጠ የብቃት ሰዓት አለ፤ ይሁን እንጂ ሰዓቱን ያሟላ ዋናተኛ የሌለው ፌዴሬሽን እስከ ሁለት ወንድና እስከ ሁለት ሴት ዋናተኞችን የማስመዝገብ መብት በደንቡ ተሰጥቶታል። ስፖርቱን የሚመራው የዓለም አካል ለእንደዚህ ዓይነት ቡድኖች የጉዞና የማረፊያ ድጋፍም ያደርጋል። ለፓሪሱ የ2024 ኦሎምፒክ ደግሞ ብቃቱን ያላሟላ አገር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለመላክ፣ ዋናተኞቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ፉኩኦካ ወይም በ2024 ዶሃ በተካሄደው ሻምፒዮና የተወዳደሩ መሆን ነበረባቸው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ የማጣሪያ ምድቦች ውስጥ የሚዋኘው ልጅ ለሜዳልያ ባይደርስም፣ የሚዋኛት ሃምሳ ሜትር የኦሎምፒክ መግቢያው ልትሆን ትችላለች። አሰልጣኞች ይህን ለልጆቻቸው አስቀድመው በግልጽ ሊነግሯቸው ይገባል፤ «ለተሞክሮ ነው የመጣኸው» የተባለ ልጅ እንደ እንግዳ ነው የሚዋኘው።

በስምንቱ ቀን ቆይታዬ ከምንም በላይ ያስቆጨኝ፣ ልጆቹ ከፍጥነት ማነስ ይልቅ በቤታቸው ሳሉ ያለ ገንዘብ ሊለማመዱት በሚችሉት ነገር መጎዳታቸው ነው። ፍጥነትን ለማምጣት ገንዳ፣ ዓመታትና ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ልብስ አለባበስን፣ መነጽር አደራረግንና የፉጨቱን ቅደም ተከተል ለማወቅ ግን የሚነግር ሰው ብቻ ይበቃል። ብዙዎቹ ያ ሰው አልነበራቸውም።

ስለ ልብሱ ልጀምር። የመወዳደሪያ ልብስ እንደ ተራ የዋና ልብስ ተጎትቶ የሚለበስ አይደለም። የሴቶቹ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ የወንዶቹ ከወገብ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ዚፕ አይፈቀድለትም፤ ሰውነትን አጥብቆ እንዲይዝ ስለሚሠራ አዲሱን ለመልበስ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ልምድ ያላቸው ዋናተኞች ሲለብሱ አይቼ የተማርሁት ይህን ነው፦ ሰውነት በደንብ መድረቅ አለበት፤ እግር ላይ ስስ ፌስታል ይጠለቅና ልብሱ በላዩ ላይ እንዲንሸራተት ይደረጋል፤ ጨርቁ በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍና በጣት ሥጋ እየተያዘ፣ ከታች ጀምሮ በትንሽ በትንሹ ይወጣል፤ የታችኛው ክፍል ቦታውን ሳይዝ የላይኛውን መጎተት ስፌቱን መበተን ነው። ጥፍር ከአንድ ቀን በፊት መቆረጥ አለበት። ልብሱንም ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድሩ ዕለት መልበስ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ለብሶ፣ ዘሎና ዋኝቶበት፣ የቱ ጋ እንደሚይዝና እንደሚያፍን ማወቅ ያስፈልጋል። የጥሪ ክፍሉ ዳኛ ልብሱ ላይ የታተመውን የፈቃድ ምልክት ስለሚያይ፣ ከገበያ የተገኘ ማንኛውም ጠባብ ልብስ አይሠራም። ሰውነት ላይ ፕላስተር ወይም ማሰሪያ መለጠፍም ያለ ሕክምና ክፍሉ ፈቃድ አይቻልም። ከሴት ዋናተኛ ጋር የሚጓዝ ቡድን ደግሞ፣ አሰልጣኟ ወንድ ከሆነ፣ መልበሻ ክፍል ገብታ የምትረዳ ሴት ከሌላ ቡድንም ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን ለምኖ ሊያዘጋጅ ይገባል። የዚያን ዕለት ጠዋት እኔ በዚያ ባላልፍ ልጅቷ ምን ትሆን እንደነበር እስካሁን አስባለሁ።

ሁለተኛው ነገር መነጽር ነው። ከሌላ አገር የመጣ አንድ ልጅ በገባበት ቅጽበት መነጽሩ ወደ አፉ ወርዶ፣ ሃምሳውን ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ሲዋኝ፣ መስመር ከፋዩን ገመድ በትከሻው ሁለት ጊዜ ሲመታ አየሁ። ሲወጣ ትከሻው ላይ ረጅም ቀይ ሰንበር ነበር። ያ ልጅ ከባሕር ዳርቻ ወደ ውሃ እየሮጠ መግባት እንጂ ከከፍታ መወርወር አልለመደም፤ አገጩን ቀና አድርጎ ስለገባ ውሃው መነጽሩን ከፊት ገለበጠበት። መፍትሔው ሁለት ኮፍያ ነው፦ መጀመሪያ አንዱ ኮፍያ ይደረጋል፣ በላዩ የመነጽሩ ማሰሪያ ይታሰራል፣ ከዚያም ሁለተኛው ኮፍያ ማሰሪያውን ይሸፍነዋል። ሲገቡ ደግሞ አገጭን ወደ ደረት ማቅረብና ሁለቱን ክንዶች ከጆሮ ኋላ አጥብቆ መዝጋት ያስፈልጋል። ሆኖም መነጽር ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ወንድሜ ልጆቹን በሳምንት አንድ ጊዜ ያለ መነጽር እንዲያዋኛቸው ነገርሁት።

የጣና ልጆችን ጉዳይ ካነሣሁ አይቀር፣ በሐይቅና በባሕር የሚለማመዱ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ልማድ አለ፤ ራስን ቀና አድርጎ ወደ ፊት ማየት። እኛ ልጅ ሳለን ከውሃው ዳር ተነሥተን መሐል ላይ ወዳለችው ታንኳ ስንዋኝ፣ ማዕበሉ ከመስመራችን እንዳያወጣን በየሦስት አራቱ ቀዘፋ አንገታችንን አውጥተን ታንኳዋን እንፈልግ ነበር። ለሐይቅ ትክክል ነው። በገንዳ ውስጥ ግን ራስ ቀና ባለ ቁጥር ዳሌና እግር ወደ ታች ይሰጥማሉ፤ ሰውነትም ውሃውን የሚገፋ ግድግዳ ይሆናል። በገንዳው ወለል ላይ ጥቁር መስመር የተዘረጋው አንገት ሳይቀና አቅጣጫ እንዲታይ ነው። መስመር የሌለው ልጅ ምን ያድርግ? ወንድሜ ጥልቀቱ ከደረት በማይበልጥበት ቦታ፣ ጥቁር ገመድ በድንጋይ አስሮ ወለሉ ላይ ዘርግቶላቸዋል፤ ውሃው በጠራባቸው ወራት ይታያቸዋል። በሃያ አምስት ሜትር ገንዳ ለሚለማመዱት ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ ሃምሳ ሜትር ላይ መሐል ላይ ተገፍቶ የሚታረፍበት ግድግዳ የለም። ከሠላሳ ሜትር በኋላ ክንዳቸው ሲከብድ ያየኋቸው አብዛኞቹ እንዲህ የለመዱ ነበሩ።

መነሻው ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም በሃምሳ ሜትር ውድድር አብዛኛው ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። የመነሻው ብሎክ፣ ማለትም ዋናተኛው ቆሞ የሚወረወርበት መቆሚያ፣ ከውሃው ገጽ ከ50 እስከ 75 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል፤ የሚቆምበት ገጽ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ከኋላው ደግሞ የኋላ እግር የሚረገጥበት፣ እንደ ዋናተኛው ቁመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚስተካከል ተዳፋት ጠርዝ አለው። ይህን ጠርዝ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትና የረገጡት ዶሃ ላይ የሆነ ልጆች ነበሩ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ባሉት የልምምድ ቀናት የመነሻ ልምምድ የሚደረግባቸው መስመሮች በሰዓት ይከፈታሉ፤ ከዋናው ውድድር ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መድረስ ለጉብኝት ሳይሆን ለዚህ ነው። በማሟሟቂያው ገንዳ ውስጥም ሥርዓት አለ፤ ሁሉም የመስመሩን ቀኝ ይዞ እንደ ቀለበት ይዞራል። ይህን ያላወቀች አንዲት ልጅ በመስመሩ መሐል ስትዋኝ ከፊት ለፊቷ ከሚመጣ ግዙፍ ዋናተኛ ጋር ተጋጭታ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ገንዳው ለመመለስ ፈርታ ሳታሟሙቅ ተወዳደረች።

ከዚያ ፉጨቱ አለ። ዋና ዳኛው አጫጭር ፉጨቶችን አከታትሎ ሲያሰማ የላይ ልብስ ይወልቃል፤ ረጅሙ ፉጨት ሲሰማ ብሎኩ ላይ ይወጣል፤ አስነሺው «ቴክ ዮር ማርክስ» (ቦታችሁን ያዙ) ሲል ቢያንስ አንድ እግር ከብሎኩ ፊት ጠርዝ ላይ ሆኖ ዋናተኛው ጎንበስ ይልና ፍጹም ይረጋል፤ ሁሉም ሲረጉ የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ይለቀቃል። ከድምፁ በፊት የተነሣ ይሰረዛል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። የዚህን ክብደት ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ ብቻውን የዋኘው፣ አብረውት የቆሙት የኒጀርና የታጂኪስታን ዋናተኞች ከድምፁ ቀድመው ስለገቡ ነው። እሱ 1 ደቂቃ ከ52.72 ሴኮንድ ፈጅቶ ሲጨርስ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ሁለቱ ግን ያን ያህል መንገድ ተጉዘው ሰዓት ሳይመዘገብላቸው ተመለሱ። ሰዎች ስለ ሙሳምባኒ ሲያወሩ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሁለቱ ነው። አሰልጣኝ የሆነ ሰው ልጆቹን በጭብጨባ ወይም በ«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አያስነሣቸው፤ ሦስት እያለ ያስለመደው ልጅ ጆሮው ቁጥር ይጠብቃል። ትእዛዙን በስልክ ቀድቶ፣ በትእዛዙና በድምፁ መካከል ያለውን ዝምታ አንዴ እያስረዘመ አንዴ እያሳጠረ ያሰማቸው።

የጥሪ ክፍሉ ራሱ ብዙዎችን ያስፈራል። ከውድድሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ መገኘት ግዴታ ነው፤ ወንበሮቹ በምድብና በመስመር ቁጥር ይደረደራሉ፤ ሰው አይነጋገርም፤ አንዳንዱ ጭኑን በጥፊ ይመታል፣ አንዳንዱ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ምድቦቹ የሚደለደሉት ቀድሞ በተመዘገበ ሰዓት ስለሆነ፣ የትናንሽ አገሮች ልጆች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ምድቦች አብረው ይገናኛሉ። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ እውነተኛውንና ትክክለኛውን ሰዓት ማስመዝገቡ ለልጁ ትልቅ ውለታ ነው፤ ጎኑ የሚዋኘው በችሎታ የሚቀራረበው ሲሆን ይፎካከራል፤ በተጋነነ ሰዓት ሲመዘገብ ግን ብቻውን ኋላ ይቀራል። ልጅቷ በተዋሰችው ልብስ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ግራና ቀኟ ያሉት ልጆች እንደ እሷው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመካከላቸው አንደኛዋ በምልክት «ቀዝቃዛ ነው?» ብላ ጠየቀቻትና ሁለቱም ፈገግ አሉ። የገንዳው ውሃ በደንቡ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከሞቃት ባሕር ለመጡ ልጆች ግን ይበርዳል።

ስለ መሳለቅ የምለው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የእኛው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ04.95 ሴኮንድ ዋኝቶ 59ኛ ሲወጣ፣ በዓለም ዙሪያ ስለ ሰውነቱ ቅርጽ የተወራውን በዶሃ ሆኜ ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። ዋናተኛን ለካሜራ የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን አስቡበት። ዋናተኛው ከውሃ እንደወጣ ጋዜጠኞች በቆሙበት መተላለፊያ ማለፍ አለበት፤ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ «ለምን የመጨረሻ ሆንህ?» የሚል ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። አስቀድሞ አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ይያዝ፤ የቀድሞ ሰዓቴ ይህን ያህል ነበር፣ ዛሬ ይህን ያህል ነው፣ ብሎ የሚናገር ልጅ ጋዜጠኛውንም ወደ ቁም ነገሩ ይመልሰዋል።

ልጆቹ ከትንሽ አገር የመጣ ሰው ዕጣው መጨረሻ መሆን ብቻ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው የታወቀ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል የሱሪናሙ አንቶኒ ኔስቲ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ አሜሪካዊውን ማት ቢዮንዲን በአንድ መቶኛ ሴኮንድ፣ በ53.00 ለ53.01፣ ቀድሞ ወርቅ ወሰደ። ይህን የምጠቅሰው ለተስፋ ብቻ ሳይሆን፣ በመጨረሻው ላይ ግድግዳው እንዴት እንደሚነካ ለማስረዳትም ነው። በገንዳው ግድግዳ ላይ ያለው የመንኪያ ሰሌዳ ሰዓቱን የሚያቆመው በበቂ ኃይል ሲገፋ ነው፤ ጣት ያሳረፈ ሳይሆን እጁን ዘርግቶ ሰሌዳውን የገፋ ነው የሚቆጠርለት። ግድግዳው ሲቃረብ ቀዘፋ አቁሞ መንሸራተት፣ ወይም ተጨማሪ አጭር ቀዘፋ መጨመር፣ መቶኛዎቹን ይበላል። የመጨረሻዎቹን አምስት ሜትሮች ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ ራስ ሳያነሡ፣ ግድግዳውን አልፎ እንደሚሄድ ሰው መግባት ይለመዳል። ለዚህ ልምምድ ማንኛውም የድንጋይ ግንብ ይበቃል።

ያቺ ልጅ ከብሎኩ ስትወረወር መነጽሯ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከመድረኩ ጎን ቆሜ አንገቷን ብቻ እመለከት ነበር፤ ከአርባ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ቀና አለች፣ ከዚያ መልሳ አጎነበሰች። የውጤት ሰሌዳው ላይ ስሟ ሲወጣ ከተመዘገበላት ሰዓት ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ፈጥና ነበር። ከገንዳው ስትወጣ መጀመሪያ የፈለገችው ልብሱን የሰጠቻትን አሰልጣኝ ነው፤ እርጥብ እንደሆነች አቀፈቻት፤ ልብሱን አጥባ ልትመልስላት ስትል ሴትዮዋ «ያንቺ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጥፍርሽን ቁረጪ» አለቻት። በማግስቱ በዚያው ርቀት ስዊድናዊቷ ሳራ ሾስትሮም በ23.69 ሴኮንድ አሸነፈች፤ ልጅቷም ከተመልካቹ መቀመጫ ሆና የሳራን አጀማመር በስልኳ ቀርጻ፣ የእግር አቀማመጧን እያቆመች እያስኬደች ስታጠና አገኘኋት።

የውድድሩ መድረክ ከመፍረሱ በፊት ወንድሜ ደወለ። ከሳንቃ ያዘነበለ መነሻ ሠርቶ ሐይቁ ዳር ሊያቆም መሆኑን ነገረኝና ልኩን ጠየቀኝ። ከፍታው ከውሃው ገጽ ከ75 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ ለጀማሪዎች ደግሞ 50 እንዲሆን ነገርሁት። ከዚያ በፊት ግን ከመነሻው ፊት ከአንድ ሜትር ጀምሮ ቢያንስ እስከ ስድስት ሜትር ድረስ ያለው ጥልቀት በየቦታው ከ1.35 ሜትር የማያንስ መሆኑን በእንጨት እየለካ እንዲያረጋግጥ፣ ክረምት አልፎ ውሃው በሸሸ ቁጥርም መልሶ እንዲለካ፣ ካነሰ አንድም ልጅ በጭንቅላቱ ተወርውሮ እንዳይገባ አስማልሁት። ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶ ላከልኝ። ሳንቃውን ካሰበው ቦታ አንሥቶ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ፣ ውሃው በጠለቀበት በኩል ቸንክሮታል፤ ከጎኑ የመለኪያው እንጨት ቆሟል፤ በእንጨቱ ላይ 1.35 የሚለው በቀይ ቀለም ተጽፏል።